መዳፍሽን አሳዪኝ

አንድ ጠርጣራ ገበሬ ነበረ። ጥያቄህን አልዘነጋሁትም፤ ለጊዜው ያዝልኝ። ሽሮና በርበሬ አሽገህ ትሸጣለህ። እህሉ ተወደደብህ። ዋጋ ብጨምር ደንበኛ ይሸሸኛል ብለህ ፈራህና ከረጢቱን ሳትነካ፣ ቀለሙንም ሥዕሉንም ሳትለውጥ፣ ከአንድ ኪሎው ላይ መቶ ሃምሳ ግራም ቀነስክ። «አባ፣ ከረጢቱ ጀርባ ላይ ስምንት መቶ ሃምሳ ግራም ብዬ ጽፌአለሁ። አልዋሸሁም። ታዲያ ኃጢአቱ የቱ ላይ ነው?» አልከኝ። ዛሬ ያረፈድክበትንም ምክንያት ነግረኸኛል፤ የቤት ሠራተኛችሁን ትናንት ስላሰናበታችሁ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደረስከው አንተ ነህ። እሱንም ያዝልኝ። አሁን የገበሬውን ነገር ላጫውትህ።

ሰውየው ድሃ አልነበረም። ሁለት ጥማድ በሬ ነበረው፤ ጎተራው ከዓመት ዓመት አይራቆትም። ክፉም አልነበረም፤ የታመመ ይጠይቃል፣ የሞተ ይቀብራል። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ ሰው ማመን አይሆንለትም። ደቦ ጠርቶ ያሳጨደ ቀን ሰዎቹን መርቆ ሲሸኝ በር ላይ ቆሞ ማጭዶቹን በዓይኑ ይቆጥራል። ላሚቱ ወተት የቀነሰች እንደሆነ ሣሩን ከማየቱ በፊት የእረኛውን ከንፈር ያያል። ጎረቤቶቹ ይህን አመሉን ስለሚያውቁ ቤቱ ሲገቡ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ይቀመጡ ነበር። እየቀለዱበት ነው፤ እርሱ ግን ጨዋነት ይመስለው ነበር።

ዕድሜው ሲገፋ ደረቱን ያመው ጀመር። ጠዋት ጠዋት ሳል ይይዘውና ትንፋሽ ያሳጥረዋል። መድኃኒቱ ማር በጥቁር አዝሙድ ነበር፤ በየጠዋቱ፣ እህል ከመቅመሱ በፊት፣ አንድ የቀንድ ማንኪያ። የንስሐ አባቱም ለመድኃኒት ነው ብለው በጾም ሳይቀር ፈቅደውለታል። ያችን ማንኪያ ከላሰ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ይውላል፤ ካልላሰ ከደጁ አይርቅም። እንግዲህ ለእርሱ ማር ማለት ትንፋሽ ማለት ነበር።

ማሩን የሚገዛው ሁልጊዜ ከአንድ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ከቆላ ያስመጣውን ማር በሸክላ ማሰሮ እየሞላ፣ አፉን በፍየል ቆዳ ከድኖ፣ በጠፍር አስሮ ይሸጣል። ማሰሮዎቹ አንድ ልክ ናቸው፤ ዋጋቸውም አንድ ነው። ገበሬው በመስቀል ገበያ አንድ ማሰሮ ይገዛል፤ ያ ማሰሮ ለገና ያደርሰዋል፤ ከዚያ ሌላ ይገዛል። አንድ ማሰሮ መቶ ማንኪያ ነው፤ ቢበዛ መቶ ሁለት። እንዴት አወቀ አትበለኝ፤ ጠርጣራ ነው ብዬሃለሁ። ማንኪያውን በላሰ ቁጥር አንዲት የሽምብራ ፍሬ ቅል ውስጥ ይጥላል፤ በገና ዋዜማ ቅሉን ገልብጦ ይቆጥራል። አሥር ዓመት እንዲህ አደረገ፤ በአሥሩም ዓመት ሒሳቡ አልተዛባም።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ጥር ላይ ልጁን ዳረ። ምራቱ ቤቱ ገባች። ጭምት ልጅ ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ከገባች ጀምሮ የዚያ ቤት ሥራ ተዝረክርኮ አልታየም። ሰውየው ወደዳት። «ሴት ልጅ አልነበረችኝም፤ በስተርጅና ሰጠኝ» እያለ ያወራ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ እርጉዝ መሆኗ ታየ። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ነው። ያን ሰሞን ሰውየው ብቻውን ሲሄድ ፈገግ ሲል የሚያዩት ሰዎች ነበሩ።

በመስቀል ገበያ እንደ ልማዱ ማሰሮውን ገዛ። በሁለት እጁ አቅፎ፣ እየቆመ እያረፈ ቤቱ አደረሰው። «ዘንድሮ ማሩ ከባድ ነው፤ ማር ከከበደ ጥሩ ነው» አለ። ሚስቱ ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ «ተይው» አላት። ጓዳ ገብቶ ከእህል ጋኖቹ ጀርባ አስቀመጠው። የማር ማሰሮውን ከእርሱ በቀር የሚነካው አልነበረም፤ አሥሩንም ዓመት እንዲሁ ነበር። ይህችን ነገር ልብ በልልኝ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። በሌላው ዓመት በዚህ ቀን ማሩ ገና ግማሽ ገደማ ነው። ያን ጠዋት ግን ማንኪያው የማሰሮውን ወለል ነካና ቀጭ አለ። ሰውየው እጁን እዚያው እንደከተተ ቀረ። ማንኪያውን አውጥቶ ደግሞ ሰደደው፤ አሁንም ቀጭ አለ። ቅሉን አውርዶ ሽምብራውን ቆጠረ፤ ሃምሳ አምስት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ሆነ?» ይላል። እርሱ «ማን?» አለ። ለራሱ ነው ያለው፣ በለሆሳስ፤ ግን የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

ከዚያ ማሰላሰል ጀመረ። ልጁ እንዳይሆን፣ ማር ከሕፃንነቱ ያቅለሸልሸዋል። ሚስቱ እንዳትሆን፣ አርባ ዓመት አብራው ኖራለች፤ መውሰድ ብትፈልግ ዛሬ አትጀምርም። ከአሥሩ ዓመት ወዲህ በዚያ ቤት አዲስ የገባ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያውም እርጉዝ ናት፤ እርጉዝ ደግሞ ያምራታል። ይህን ሲያስብ አዘነ። ብትጠይቀው ኖሮ ማሰሮውን በሙሉ ያነሣላት ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ያነሣላት ነበር። ማዘኑ ግን ማሰቡን አላስቆመውም።

የማሰሮውን ጠፍር እርሱ ብቻ በሚያውቀው ቋጠሮ አሰረ። የጓዳው ወለል ላይ አመድ በወንፊት ነሰነሰ። በማግስቱ አመዱ ላይ የትንሽ እግር ዱካ አገኘ። የምራቱ ነው። ዱቄት ልታወጣ ገብታለች፤ ጓዳ እርሷ ካልገባች ማን ይገባል? ቋጠሮው ደግሞ እንዳሰረው ነበር። ይህ ሊያረጋጋው ሲገባ አባሰበት። «ቋጠሮዬን ተምራዋለች» አለ። ከዚያ በኋላ ምንም ቢያገኝ ያው ነው፤ ዱካ ካለ እርሷ ናት፣ ዱካ ከሌለ ጠርጋዋለች። ወጥ ስታቀርብለት እጇን ያያል። ስትስቅ አፏን ስትሸፍን «ምን ልትደብቅ ነው?» ይላል በልቡ። ልጅቱ ዓይኑ እንደከበደባት ገብቷታል፤ ምክንያቱን ግን አታውቅም። ምናልባት ሥራዬ ባይጥማቸው ነው ብላ የበለጠ ትለፋ ነበር።

ማሩ ታኅሣሥ ሁለት ቀን አለቀ። ሽምብራው ሰባ አምስት ነው። ባዶውን ማሰሮ ለማንም ሳያሳይ አልጋው ሥር ገፋው።

በማግስቱ በዓታ ነበረች። የማኅበሩ ጽዋ በእርሱ ቤት ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ቄሱም አሉ። ምራቱ ከጓዳ የጠላ ማድጋ ይዛ ወጣች። ሰውየው ለብዙ ሳምንት ሲያብሰለስለው የቆየው ነገር በዚያች ደቂቃ አመለጠው።

«እስቲ መዳፍሽን አሳዪኝ» አላት።

ልጅቱ አልገባትም። ማድጋውን አስቀመጠችና ሁለት መዳፎቿን ዘረጋች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አንደኛውን አሸተተ፤ ሁለተኛውንም አሸተተ።

«ምን ሸተተህ?» አለች ሚስቱ።

«ሽንኩርት» አለ። ቀና ሳይልም «ታጥባዋለች» ሲል ጨመረ።

ይህን ጊዜ ለሁሉም ገባቸው። ልጁ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወጣ። ቄሱ አቀርቅረው መስቀላቸውን መጠራረግ ያዙ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ መዳፎቿን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች። አማቷ ተነሥታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፋ ወደ ጓዳ እስክትወስዳት ድረስ እጇን ምን ልታደርገው እንደሚገባት ያወቀች አትመስልም ነበር።

በማግስቱ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። የበኩር ልጅ በእናት ቤት መውለድ ወግ ነው፤ ስለዚህ ለጠየቀ ሰው የሚነገር ምክንያት አልጠፋም። ለመውለድ ግን ሁለት ወር ተኩል ቀርቷታል። ባሏ ሊሸኛት ሄዶ እርሱም እዚያው ቀረ። ከሳምንት በኋላ መልእክት ላከ፤ «አባቴ ማሩን ያግኝና እኔን ይፈልገኝ» የሚል ነበር።

ገበሬው ይህን ሰምቶ አልተጸጸተም። እንዲያውም እልህ ያዘው። ሁለተኛ ማሰሮ ገዛ። ይህን ከራስጌው ሥር አስቀመጠው። አሁን በቤቱ ውስጥ ያሉት እርሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ሽምብራውን ከአንድ ጀመረ። ምን እንደሚመኝ ልንገርህ፤ መቶ እንዲሞላ ነበር የሚመኘው። መቶ ከሞላ ሌባዋ መሄዷ ተረጋገጠ፤ እርሱም ልክ ነበረ ማለት ነው። ማሩን እየላሰ የልጅ ልጁን እናት ሌብነት በየጠዋቱ ሲመሰክር ከረመ።

የካቲት ላይ ምራቱ ሴት ልጅ ወለደች የሚል ወሬ መጣ፤ ለደስታው የጠራው ሰው አልነበረም። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ማንኪያው ወለሉን ጠርጎ ባዶውን ወጣ። ቅሉን ገለበጠ፤ ሰባ አምስት ነው። እንደገና ቆጠረ፤ ያው ሰባ አምስት ነው።

ምራቱ የለችም፤ ልጁም የለም። ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረና ሚስቱን አያት።

ሴትየዋ ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ አርባ ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ አይታዋለች። ማጭድ ሲቆጥር የሚያይበት ዓይን ነው። የያዘችውን አስቀመጠች።

«ለእኔም መዳፍሽን አሳዪኝ ልትለኝ ነው?» አለችው።

አይደለም ቢላት ይሻል ነበር፤ ዓይኑ ወደ እጇ ሄደ።

ሴትየዋ መጣችና ማሰሮውን ከራስጌው ሥር ጎተተችው። የማር ማሰሮ ስትነካ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ጎንበስ ብላ ልታነሣው ያዘችው፤ ለባዶ ማሰሮ የሚያስፈልገውን ያህል ጉልበት ነው ያወጣችው። ማሰሮው አልተነሣላትም።

«ይሄ ማር አለበት» አለች።

«የለበትም።»

እጇን ከታ ዳሰሰች። የለበትም። ዕድሜዋን ሙሉ ማሰሮና እንስራ ስታነሣ የኖረች ሴት ናት፤ ባዶ ሸክላ ምን ያህል እንደሚመዝን እጇ ያውቀዋል። በጣቷ አንጓ አንኳኳችው። ስስ ሸክላ ሲያንኳኩት ይጮሃል፤ ይህ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። ምንም ሳትናገር በሁለት እጇ ተሸክማ ወደ ምድጃው ሄደችና ጉልቻው ላይ ለቀቀችው።

ከስባሪው አንዱን አነሣች። ከጎረቤት እሳት የምታመጣበትን ገል ደግሞ ከማዕዘኑ አወጣች፤ ከዓመታት በፊት የተሰበረ የዚያው ነጋዴ ማሰሮ ስባሪ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ባሏ ፊት አስቀመጠች። የአሮጌው ውፍረት የትንሿን ጣት ያህል ነው። አዲሱ ከአውራ ጣት ይበልጣል፤ ወለሉማ ወፍጮ ድንጋይ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ያው ማሰሮ ነው፤ ግድግዳው የወፈረው ወደ ውስጥ ነው።

«አንድ ቀን እንኳ ብታስነካኝ ኖሮ» አለች ሚስቱ፣ «በመስቀል ዕለት እነግርህ ነበር።» ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ለራሷ አልነበረም።

ሰውየው ሰውን ሁሉ ጠርጥሮ ሸክላውን አልጠረጠረም ነበር። በዚያ ቤት ነገሩን በአንድ ጊዜ ሊያውቁ የሚችሉ እጆች የሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ ያራቃቸው ደግሞ እነርሱን ነው።

ቅዳሜ ስባሪውን በስልቻ ቋጥሮ ገበያ ወረደ። ነጋዴው ሲያየው ተነሥቶ እጅ ነሣ፤ ስባሪው ሲዘረገፍለትም አልደነገጠም።

«ጌታዬ፣ እኔ ማንኪያ ቆጥሬ ሸጬልዎት አላውቅም፤ የሸጥኩልዎት ማሰሮ ነው» አለ። «ማሩ ከቆላ ሲመጣ ተወደደብኝ። ዋጋ ልጨምር ብል ገበያተኛው ይጮህብኛል። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዋን ግድግዳውን ወፈር አድርጊልኝ አልኳት፤ ለእናንተው አዝኜ ነው። የደበቅኩትም ነገር የለም። ቆዳውን ገለጥ አድርገው የማሰሮውን አፍ ቢያዩት ውፍረቱ ይታያል። እርስዎ አላዩትም እንጂ እኔ አልሸፈንኩትም።»

ገበሬው የማሰሮውን አፍ ስባሪ አንሥቶ አየው። እውነት ነበራ። ያን ቆዳ ከመቶ ጊዜ በላይ ገልጦታል፤ የማሰሮው አፍ በየጠዋቱ ከአፍንጫው ሥር ነበር። ዓይኑ ቋጠሮው ላይ፣ አመዱ ላይ፣ የልጅቱ እጅ ላይ ነበር እንጂ እዚያ አልነበረም። ዱሮ መቶ የነበረ ማሰሮ ዛሬ ሰባ አምስት ይሆናል ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ነጋዴውም የተማመነው በዚህ ነው።

ነጋዴው ነገሩ እንዳይበረታ ፈለገ። ከሁለቱ ማሰሮ የጎደለውን ሃምሳ ማንኪያ ማር በትልቅ ቅል ሰፍሮ አቀረበለት።

«ይኸው፣ ቅር አይበልዎት።»

ገበሬው ማሩን ለረጅም ጊዜ አየው። «ማሩን መለስክልኝ» አለ። «ያችን ልጅ በሰው ፊት መዳፏን አሽትቻታለሁ። እሱን በምን ትሰፍርልኛለህ?»

ነጋዴው ስለ ምን እንደሚናገር አልገባውም። አልፈርድበትም፤ ልጅቱን አያውቃት፣ ቤቱን አያውቀው። እርሱ ያደረገው ሸክላ ማወፈር ብቻ ነው። ገበሬው ማሩን ሳይቀበል ስባሪውን ሰብስቦ ሄደ።

የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከበደለው ሰው ደጅ ይቆማል፤ ይቅር እስኪሉት አያወርደውም። ወጉን ታውቀዋለህ። ገበሬው ድንጋይ አልፈለገም። ያንን የማሰሮ ወለል ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ከምራቱ አባት ደጅ ተንበረከከ። ማር ካልላሰ ቀናት አልፈዋል፤ ሳሉ እያፈነው ነበር። ልጅቱ አራስ ስለሆነች መውጣት አትችልም። አባቷ ሸክላውን ከማጅራቱ አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባና ነገሩን ነገራት። ሸክላውን ተቀብላ ውፍረቱን በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያም «ይቅር ብያለሁ፤ ያስገቧቸውና ሕፃኗን ይዩ» አለች።

ሕፃኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ ባልና ሚስቱ ይዘዋት ተመለሱ። ሰውየው ቅሉን ሰባብሮ ጣለው፤ ሽምብራውንም ለዶሮ በተነው። ማሩን የሚያመጣለት ሌላ ነጋዴ አገኘ፤ ማሰሮውን የምትይዘውም ሚስቱ ሆነች። እዚህ ላይ ያለቀ መስሎህ ይሆናል። አላለቀም።

ምራቱ ከዚያ ወዲህ ከጓዳ በወጣች ቁጥር የያዘችውን ታስቀምጥና ሁለት መዳፎቿን ለአንዲት ቅጽበት ገልብጣ ታሳያለች። ከዚያ እጇን አጥፋ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ያዘዛት የለም። የምታደርገውን የምታውቀው አይመስልም፤ ባሏም ከጊዜ በኋላ ማየቱን ተወ። ሰውየው ግን በየቀኑ ያያል። «ልጄ፣ ተይ» ሊላት ብዙ ጊዜ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ምኑን ተይ ይበላት? ይቅር ብላዋለች፤ ቂምም አልያዘችም። እጇ ብቻ አልረሳም።

ሕፃኗ አደገች፤ አራት ዓመት ሆናት። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰውየው ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የልጅ ልጁ ቆሎ ልትፈልግ ብቻዋን ጓዳ ገባች። ወጣችና ፊቱ መጥታ ቆመች፤ ሁለት ትንንሽ መዳፎቿንም ገልብጣ ዘረጋችለት።

የምትለምነው መስሎት «ምን ልስጥሽ፣ የኔ እናት?» አላት።

«ምንም አልወሰድኩም» አለችው።

ማንም አላስተማራትም። ሰው ከጓዳ ሲወጣ የሚያደርገው እንዲህ ነው ብላ ነው፤ እናቷ ስታደርግ አይታለች። ሰውየው ያን ጠዋት ማሩን ልሶ ነበር። ቢሆንም ትንፋሹ አልመለስ አለው።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ አንተ ልመለስ። ያ ነጋዴ አንተ ነህ። ጽፌአለሁ ትላለህ፤ የማሰሮውም አፍ ይታይ ነበር። የደበቅኩት ነገር የለም ካልክ ለምን ከረጢቱን አልለወጥከውም? ለምን ቀለሙ ያው፣ ቁመቱ ያው፣ ጽሑፉ ብቻ እንደ ቅማል ደቀቀ? ሰው እንዳያየው አስበህ የጻፍከውን ነገር እንዲያነቡት ነው የጻፍኩት አትበለኝ።

ሽሮ ያለቀበት ሰው የከረጢት ጀርባ አያነብም፤ የሚያነበው የሰው ፊት ነው። ከረጢቱ ካልተለወጠ የተለወጠው ሰው ነው ይላል። እስከ ወሩ መጨረሻ ይደርስ የነበረው ሽሮ አምስት ቀን ሲቀረው አለቀ። ባል ሚስቱን «ለእናትሽ ቤት ትልኪያለሽ» ይላል። አክስት የወንድሟን ልጅ ከገጠር አምጥታ ታስተምራለች፤ «አበላሉ በዛ» ትላለች። ዋጋ ብትጨምር ኖሮ ይረግሙሃል፤ አውቃለሁ፣ የፈራኸውም ይህን ነው። ያኔ ግን የሚረግሙት አንተን ነው። አሁን የሚረግሙት እርስ በርሳቸውን ነው። አንተ በሱቅህ በሰላም ተቀምጠህ እርግማኑን በከረጢት አሽገህ ወደ ሰው ጓዳ ላክኸው። ኃጢአቱ የቱ ላይ ነው ብለህ ጠይቀኸኝ የለ፤ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ያዝልኝ ያልኩህን ሁለተኛውን ነገር አምጣው። ያሰናበትካት ልጅ አንጓች ትባላለች። ሦስት ዓመት ልጆችህን አዝላለች። የሕፃኑ የዱቄት ወተት ሁልጊዜ ወር ያደርስ ነበር፤ ዘንድሮ ግን በሃያ አምስት ቀን እያለቀ አስቸገረን አልከኝ። ጣሳው ያው ነው፣ ዋጋውም ያው ነው፤ «እሷ ካልወሰደችው ማን ይወስደዋል?» አልከኝ።

አንተም «ማን?» ብለህ ጀመርክ።

ልጅቱ አልወሰደችም ብዬ አልምልልህም፤ ቤትህ አልነበርኩም። ግን አሁን ሂድ። ያን ጣሳ ከቆሻሻ ውስጥም ቢሆን ፈልገህ አውጣው፤ አገላብጠህም አንብበው። የት ላይ እንደሚጻፍ ከአንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም።